የክንፉ ልብስ

ከአሮጌው መጋዘን፣ ከማረፊያው ማዶ፣
ቆርቆሮው ሲያጓራ የጅማ ዝናብ ወርዶ፣
ቆማ አገኘኋት፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣
ክንፏም አቧራውን እንደ ጋቢ ለብሶ።

የአንበጣ መድኃኒት ስትረጭ ኖራለች፤
መዝገቧን ምስጥ በልቶት ዕድሜዋን ረስታለች።
አንዲት ገጽ ተርፋለች፣ አንድ መስመር ያላት፣
«የግራ ክንፍ ጨርቅ ጅማ ተጠገነ» የሚል የሠፈረባት።
በምን ጨርቅ? በማን እጅ? ምን ዓይነት ቅብ ጠጥቶ?
ከዚያ ወዲያ ባዶ፤ ሄዷል ምስጡ በልቶ።

የኔ ሥራ ይኸው ነው፤
የለበሰችውን ሳላውቅ አዲስ አልደርብባትም።
ቅብ ከማያውቀው ጨርቅ ጋር አይኖርም፣
ዓመት ሳይሞላው ተልጦ ይወርዳል።

በአውራ ጣቴ ጫንኳት።
ረገበች፣ ደግሞ ቀስ ብላ ተመለሰች፣
እንደ አሮጊት ጉንጭ።
በጥፍሬ ጫፍ ፋቅሁ፦
ከላይ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ቀይ፣
ከቀዩ ሥር ብርማ፣ ፀሐይ የሚመልስ፣
ከብርማው ሥር ጨርቅ።

አሴቶን በጥጥ ነክሬ ያዝኩባት፤
ቀለሙ ለስልሶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።
የድሮው ቅብ ነው፣ የዛሬው ቢሆን አይበገርም ነበር።
ግን የድሮውም ሁለት ነው፤
አንዱ ክብሪት ሲያይ እንደ ባሩድ ቱግ ይላል፣
ሌላው ሽታው ያሳብቅበታል።
አሸተትኩ።
የከረመ ቅቤ፣ ቅል ውስጥ የተረሳ።
«ቡቲሬት» ብዬ ጻፍኩ።
ቅቤ ማወቅ ለዚህም በጀ።

ለጨርቁ ግን ከሂርማታ መርካቶ
ልብስ ሰፊውን ሸረፋ አባ ዋሪን አመጣሁት፣
መነጽሩን በክር አስሮ፣
ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።
«ጫማህን አድርግ» ብለው እምቢ አለ።

«መጽሐፉ የተልባ ጨርቅም አለ ይላል» አልኩት።
ሳቀ። «ተልባ ይጠጣል እንጂ ይለበሳል?»

ከቀኝ ክንፍ አንድ ክር መዘዝኩ፤
ከእሷ ርቀን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ክብሪት ጫርን።
ነደደ፣ ግራጫ አመድ ሆኖ በነነ፣
የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ።
«አቡጀዲ» አለ፣ ሳይጠየቅ።

ከግራ ክንፍ፣ ቅቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከሚነሳበት፣
ሌላ ክር መዘዝኩ።
አልነደደም፤ ሸሸ፣ ተኮማተረ፣
ጠቁሮ እንደ ዶቃ ተድቦለቦለ።
«ይሄማ ቴትሮን ነው!
በኛ ጊዜ ቴትሮን ሸሚዝ ያልለበሰ ሙሽራ ነበር?»

እኔ ስጽፍ እሱ ስፌቱ ጋ ቀርቷል።
በየጎድኑ ላይ፣ ሰም በጠጣ ሲባጎ፣
ቋጠሮ፣ አራት ጣት፣ ቋጠሮ፣ አራት ጣት።
ጣቱን አስኬደበት፣
ደግሞ መለሰው።
«ይሄን የቋጠረው ግራኝ ነው» አለ።
ከዚያ ብዙ ዝም አለ፣
ዝናቡ ብቻ ተናገረ።

«ዘሂያ ትባል ነበር።
በረንዳዋ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት።
አንድ ክረምት መኪናዋን ሸፍና ጠፋች፤
ስትመለስ ‹የት ነበርሽ?› አልናት፣
‹ለትልቅ ወፍ ልብስ ስሰፋ› አለች።
ሳቅንባት።
እኔም ስቄያለሁ።
‹ዘሂያ ወፏ› እንዳልናት
አፈር ለበሰች።»

ቅጹ ላይ ሞላሁ፦ ዋናው ጨርቅ፣ ጥጥ። ጥገናው፣ ቴትሮን።
ቅቡ፣ ቡቲሬት፤ ቴትሮኑን አልያዘውም።
ትዕዛዝ፦ የግራ ክንፍ ልብስ ይገፈፍ።
«ማን ሰፋው» የሚል ቦታ ቅጹ የለውም፣
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

መቀሱን ሳነሳ ሸረፋ ፊቱን አዞረ።
«አንዷን ቋጠሮ ስጪኝ» አለ፣
ሰጠሁት፤
ኪሱ ከተተና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከፍለዋታል ግን?»

አላወቅሁም።
እሱን የያዘችውን ገጽ
ምስጥ በልቷታል።